ጥቃቅኖቹን ማን ወሰደ?

ትልቁን ትቶ ትንሹን የሰረቀ ሌባ አይቶ የሚያውቅ ካለ እስቲ ይነሳና ይናገር። በሬውን ትቶ ገመዱን ይዞ የሄደ! እትዬ ለምን በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሟት አያውቅም ነበር።

"እትዬ ለምን" እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የወንጀል ምርመራ ክፍሉ ሰዎች ከጀርባዋ የለጠፉባት ነው። ምን ቢነግሯት "ለምን?" ትላለች። ምሳዬን በላሁ ቢሏት እንኳ ለምን ማለቷ አይቀርም እያሉ ያሟታል፤ ይሄ እንኳ ተጋኗል። እሷም ስሟን ሰምታለች፤ እንዳልሰማች ሆና ታልፈዋለች።

ያን ቀን አመሻሹ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልማዝ የሚፈልግ አንድ ኩባንያ በተከራየው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል መሀል ቆማለች። ክፍሏ ነጭ በነጭ ናት። ጠረጴዛው ነጭ ወረቀት ለብሷል፤ ሰፊው መስኮት ፀሐይ በቀጥታ እንዳይገባበት ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል። ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሚዛን፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽርና ተደራራቢ ወንፊቶች አሉ። ወለሉ ላይ፣ ከብረት ካዝናው ግርጌ፣ ሽማግሌው ገማች ተዘርረዋል። ከጆሯቸው በላይ ደም አለ፤ የካዝናው ጠርዝም ላይ ደም አለ።

ሟች አልማዝ አይተው ዋጋውን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ባልደረቦቻቸው "ጋሽ ሚዛን" ይሏቸዋል፤ ሳይመዝኑ ቃል አይተነፍሱም ነበርና።

"ወረቀቱን ልክፈተው?" አለ ሳጅኑ ጓንቱን እያጠለቀ። ቁመቱ የበሩን ጉበን ስለሚነካ ቀውላላው ይባላል።

ጠረጴዛው ላይ እንደ ደብዳቤ የታጠፈ አንድ ትንሽ ነጭ ጥቅል ነበር። ላዩ ላይ በእርሳስ የዕለቱ ቀንና ክብደት ተጽፎበታል።

"መጀመሪያ ፎቶ አንሳው። ከፊትም ከኋላም፣ ከነአስተጣጠፉ።"

"ዛሬ ደግሞ ለምን ማለት የኔ ተራ ነው" አለ ቀውላላው እየሳቀ። ሬሳውን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

ፎቶውን አንስቶ ሲከፍተው አተር አተር የሚያካክሉ ዘጠኝ ድንጋዮች ብቅ አሉ። አልተሞረዱም፤ ግን ደብዛዛ ብርሃን ከውስጣቸው ይወጣል። በሩ ላይ የቆመው የላቦራቶሪው ኃላፊ ወደ ካዝናው አንገቱን አስግጎ ጮኸ።

"ስድስት ጥቅል ጥቃቅን ነበር እዚህ! የታለ? ጥቃቅኖቹ የሉም!"

"ውድ ናቸው?" አለች እትዬ ለምን።

"የጠፉት በሙሉ ተሸጠው የነዚህን የአንዷን ዋጋ አያወጡም።"

"ታዲያ ሰው ገድሎ እነሱን መውሰድ ለምን?"



* * *

የበሩ ዘበኛ በድንጋጤ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ነበር።

"ስምንት ሰዓት ላይ ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ ሚዛን ሲጮኹ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። 'ከእጅሽ ነው የጠፉት! አንቺ ነሽ የበተንሻቸው!' ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው ልጃቸው እያለቀሰች ወጣች።"

"ልጃቸው እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ረዳታቸው ናት። ጥቃቅኖቹን በወንፊት የምትለየው እሷ ናት።"

"ስትወጣ ፈተሿት?"

"ሥራ አስኪያጁም ቢወጣ እፈትሻለሁ፤ ደንብ ነው። ምንም አልያዘችም።"

"ከዚያስ አባቴ?"

"ስምንት ከሃያ ላይ እሳቸው መጡና ስልካቸውን ጠየቁኝ። ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ደቂቃ ያህል አወሩ፣ መለሱልኝ፣ ገቡ። አስራ አንድ ሰዓት ሆኖ አልወጡም፤ አንኳኳሁ፣ ዝም። በመለዋወጫ ቁልፍ ስከፍት… በቃ።"

"በመሀል በዚህ በር ሌላ ሰው አልገባም?"

"እሳቸው ከገቡ ወዲህ ትንኝ አልገባችም። የኋላ ደረጃ አለ፤ ግን የእሳት አደጋ መውጫ ነው። ከውስጥ ካልከፈቱት አይከፈትም።"

ጣቢያው ስትደርስ አዛዡ ነገሩን ጨርሶት ጠበቃት።

"ግልጽ ነው። አባትና ልጅ ተጣሉ። ወጣች፤ በኋላ በር ተመልሳ አንኳኳች። ሽማግሌው ለማን ይከፍታሉ? ለልጃቸው! ገፍታ ጣለቻቸውና ማስረጃው እንዳይገኝ የቀሩትንም ጥቃቅን ጠራርጋ ሄደች። የት ነበርሽ ስትባል 'ዝም ብዬ ስሄድ ነበር' ነው መልሷ።"

"ለምን ትልልቆቹን ተወች?"

"አንቺ ደግሞ!" አዛዡ እጁን አወናጨፈ። "እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ሌላ ነገር አምጪ። ካላመጣሽ መዝገቡ በልጅቷ ስም ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።"

* * *

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የእስር ክፍሉ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ጥፍሮቿ እስከ ሥሩ የተቆረጡ ናቸው።

"አልገደልኩትም" አለች ገና ሳትጠየቅ። "ካላመናችሁኝም አትመኑኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ቀብሩ መቼ ነው?"

"ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይላሉ ጎረቤቶቻችሁ።"

"እኔ እኮ እህት ወንድም የለኝም፤ እናቴም ከሞተች ቆየች። እኔ ካልተገኘሁ ማነው አፈር የሚያለብሰው?"

እትዬ ለምን አጠገቧ ተቀመጠች። ለዚህ ለምን አይባልም።

"ምን አጣላችሁ የኔ ልጅ?"

"ድንጋዮቹን ለይቼ ስጨርስ ጥቃቅኖቹ አነሱብኝ። ሁልጊዜ ከጥቂት ትልልቅ ብዙ ጥቃቅን ነው የሚወጣው። ይሄኛው ተዛብቶብኛል ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። ደነገጠ። ነገ የግምቱን ሪፖርት ሊያስረክብ ነበር። 'ከእጅሽ ነው የጠፉት' ብሎ ጮኸብኝ። በሕይወቴ አንድም ድንጋይ ጠፍቶብኝ አያውቅም! በሩን ፊቱ ላይ ዘግቼበት ወጣሁ።" እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው እትዬ። እንዳላመነኝ ነው የሞተው።"

እትዬ ለምን ብዙ ለቅሶ ሰምታለች። ይሄ ግን ሆዷ ገባ፤ ቤቷ ሄዳም አልወጣላትም።

* * *

በነጋታው ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ለምንና ቀውላላው የሟች የመጨረሻ ስልክ የተደወለላቸውን ሰው ቤት አንኳኩ። እሳቸውም ገማች ናቸው። ከአለባበሳቸው ማማር የተነሳ ሸጋው ይባላሉ፤ በማለዳም ቢሆን ከረባታቸውን አስረዋል፣ ጸጉራቸው ገና ትናንት የተከረከመ ነው። ሳሎናቸው የጸዳ፣ መጽሐፉ በቁመት በቁመቱ የተደረደረ ነው። በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸው አብጦ ነበር።

"ሃያ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተናል" አሉ መሀረባቸውን አውጥተው። "ከወንድም በላይ ነበር።"

"ለምን ደወሉልዎ?"

"ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ሐኪም ልጠቁመው ቃል ገብቼለት ነበር። ስለ ድንጋይ አላወራንም፤ ክልክል ነው።"

"ለምን?"

ሸጋው የሀዘን ፈገግታ አሳዩ። "ኢንስፔክተር፣ የኛ ሥራ እንዲህ ነው። ከአንድ ኮረብታ የተወሰነ አለት ይቆፈራል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ አንድ ጭብጥ አልማዝ ቢገኝ ነው። በዚያች ጭብጥ ኮረብታው በሙሉ ይገመታል፤ ከአንድ ጭልፋ ድስቱን እንደ መቅመስ በሉት። አንድ ሰው ሊሳሳት ስለሚችል ጥቅሉን ሁለት ገማች በየተራ ያየዋል። የየራሳቸውን ዋጋ በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ፤ ፖስታው እስኪከፈት አይነጋገሩም። እኔ ባለፈው ሳምንት ጨርሼ አስረክቤያለሁ። እሱ ነበር የቀረው።"

"ጥቃቅኖቹ አነሱ ተብሎ ከልጃቸው ጋር ተጣልተዋል።"

ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። "ጥቃቅን ካነሰ ከእጅ ወድቋል ማለት ነው። ልጅቷ… እኔ ባልናገር ይሻለኛል። አቅፌ ያሳደግኳት ናት።" አልናገርም ያሉትን ተናግረውት አረፉ።

"ትናንት አስር ሰዓት ላይ የት ነበሩ? ሁሉንም ነው የምንጠይቀው።"

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሞት የደረሰው አስር ሰዓት ገደማ ነው ብሎ ነበር።

"ፀጉር ቤት። ከዘጠኝ ከሩብ እስከ አስር ተኩል።"

ቀውላላው ደጅ ወጥቶ ለፀጉር ቤቱ ደወለ። እውነት ነው፤ አስተካካዩም፣ ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ሁለት ደንበኞችም መሰከሩ። ጺማቸውን ሲላጩ ስለ አየሩ እንኳ ሲያወሩ ነበር።

"እዚህ ምንም የለም" አለ መኪና ውስጥ ሲገቡ። "ያለን ልጅቷ ብቻ ናት።"

"ንዳ" አለች።

* * *

የላቦራቶሪው ኃላፊ አባ ወንፊት ይባላል። ሲናገር እጁም አብሮ ያበጥራል። ማሽኖቹ ከሚንጫጩበት አዳራሽ አውጥቶ ጸጥ ያለ ቢሮው አስገባቸው።

"ልጅቷ በተነች ነው የሚሉት? እስቲ ይሄን ይመልከቱ።" ከመሳቢያው ሰናፍጭ የሚያካክሉ ባለቀለም የመስታወት ዶቃዎች አወጣ። "አለቱ ማሽን ሲገባ መቶ ዶቃ አብረን እናስገባለን፤ የማሽኑን ሌብነት የምንይዘው በነዚህ ነው። ማሽኑ ትንሽ ነገር የሚጥል ከሆነ ዶቃው ይጎድላል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ተመልሰዋል። ጥቃቅን ከኔ ዘንድ አልጠፋም!"

"እሺ፣ ከኋላስ? ከልጅቷ እጅ?"

"ታዲያ ክብደቱን ይጠይቁኝ እንጂ!"

እትዬ ለምን ደነገጠች። ያንን አልጠየቀችም ነበር። መዝገቡን ገልጦ ሦስት ፊርማ አሳያት። ከላቦራቶሪ ሲወጣ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ካራት ከአርባ። ሸጋው ሲያስረክቡ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ካራት ከአርባ። ከሦስት ቀን በፊት ጋሽ ሚዛን ሲረከቡም ያው ነው።

"ልጅቷ ለይታ ስትጨርስስ?"

"ይሄው፣ ትናንት ስምንት ከሩብ ላይ በእጃቸው ጽፈው በቢሮ መላላኪያ የላኩልኝ ብጣሽ ወረቀት አለ። ሁሉንም እንደገና መዝነው ነው። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ከአርባ። ለምን እንደላኩት አልገባኝም፤ ፋይል ውስጥ ነው የከተትኩት።"

ልጅቷ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣች፤ አባትየው ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መዘኑ፤ ከዚያ ስልክ ጠየቁ። እትዬ ለምን በጣቷ ጠረጴዛውን ነካ ነካ አደረገች።

"አንድም ካራት አልጎደለም ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ካልጎደለ ማንም አልበተነም። ግን ጥቃቅኖቹ አንሰዋል።"

"የሚገርመው እሱ ነው። አልማዝ እንደ አገር ነው፤ ሹሙ ጥቂት፣ ተራው ሰው ብዙ። ይሄ ሥርዓት ከተዛባ…"

"ሹሙ በዝቷላ! ጥቃቅን ወጥቶ በክብደቱ ልክ ትልልቅ ቢገባስ? ሚዛኑ ምን ያውቃል?"

 የአባ ወንፊት እጅ ማበጠሩን አቆመ።

"ከናንተ ሲወጣ እነዚያ አተር የሚያካክሉት ስንት ነበሩ?"

"እኛ አንቆጥርም፤ በጅምላ መዝነን እናሽጋለን። ግን ሦስት ያየሁ ይመስለኛል። በመሐላ አልናገረውም።"

"ስድስት ትልልቅ ቢጨመር የኮረብታው ዋጋ ምን ይሆናል?"

"ምን ይሆናል? እጥፍ ነዋ! ወይ ጉዴ…"

"ከነዚህ ዶቃዎች ጥቂት ያበድሩኝ" አለች እትዬ ለምን ተነስታ።

መኪና ውስጥ ቀውላላው "ማነው?" ቢላት መልስ አልሰጠችውም። ስልኳን አውጥታ ለሐኪሙ ደወለች።

"መቼ ሞቱ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አስር ሰዓት አልኩሽ" አለ ሐኪሙ እንቅልፍ ባጣ ድምፅ። "መቼ ተመቱ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።"

እትዬ ለምን ዓይኗን ጨፈነች። "አሁን ጠየቅኩህ።"

"ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የፈሰሰ ደም ነው። ከተመቱ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ኖረዋል። ስምንት ተኩልና ዘጠኝ መሀል ይመስለኛል የወደቁት።"

"ሰው ቢጠራላቸው ይተርፉ ነበር?"

"አልምልልሽም። ዕድል ግን ነበራቸው።"

ስልኩን ዘጋች። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

* * *

እስር ክፍሉ ውስጥ ልጅቷ የጥቅሉን ፎቶዎች በሁለት እጇ ያዘች። እንባዋ ደርቆ ፊቷ ላይ ጨው ሠርቷል።

"ወረቀቱ የአባቴ ነው። ጽሕፈቱም የሱ ነው። አባቴ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ሳያጥፈው በፊት ነው።" የጀርባውን ፎቶ አየች፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ። "ይሄን ግን አባቴ አላጠፈውም።"

"በምን አወቅሽ?"

"ጫፉ ተሸጉጧል። አባቴ ጫፉን በፍጹም አይሸጉጥም፤ እላዩ ላይ አስተኝቶ ነው የሚተወው። የተሸጎጠ ወረቀት ሲከፈት ይፈናጠራል፣ ድንጋይ ይበትናል። ልጅ ሆኜ ሸጉጬ እጄን በወረንጦ መቶኛል። ጣታችን አንዴ የለመደውን አይረሳም እትዬ፤ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምናጥፈው።"

"የሚሸጉጠው ማነው?"

"የድሮ ሰዎች ብዙዎቹ ይሸጉጣሉ። ሌላ ቦታ የተማሩ…" ድንገት ቀና አለች። "ሌላ ሰው ነበር? አባቴ ለሌላ ሰው ነው በሩን የከፈተው?"

እትዬ ለምን ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወጣች። ተስፋ መስጠት አልፈለገችም፤ ገና አልጨበጠችውም። ቀውላላውን የክብደቱን መዝገብና የሐኪሙን ቃል አስይዛ የፍተሻ ትእዛዝ እንዲያወጣ ወደ ፍርድ ቤት አበረረችው። እሷ ሰዓቷን እያየች ደጁ ላይ ተንጎራደደች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ።

* * *

ሸጋው ለቀብሩ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ነበር።

"ይቅርታ፣ እንደገና አስቸገርኩዎት" አለች እትዬ ለምን ተቀምጣ። "አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። የናንተ ሥራ ገርሞኛል። እነዚህን ዶቃዎች ከላቦራቶሪው ተውሻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ተበተኑብኝ። ወረቀት ይዣለሁ። እንደናንተ አድርገው ይጠቅልሉልኝ እስቲ።"

ሰውየው ፈገግ አሉ። ዶቃዎቹን ወረቀቱ መሀል ላይ አፈሰሱ።

"ቀብሩ ላይ ይገኛሉ?" አለች።

"ምን ጥያቄ ነው! ሬሳውን ከሚሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።" ሲናገሩ እሷን ነበር የሚያዩት። እጃቸው ግን ለብቻው ይሠራ ነበር። ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ እንደገና ወደ ላይ። መጨረሻ ላይ አውራ ጣታቸው ጫፉን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሸጎጠው።

እትዬ ለምን ፎቶውን ከጎኑ አስቀመጠችው። ቀውላላው የፍተሻ ትእዛዙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ሸጋው መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ ገዛ እጃቸውን አዩ። እጁን ያየው እንደ ባዳ ነው። እኔም እስካሁን አንቱ ስለው የቆየሁት ለሽበቱ ብዬ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅርበት።

"ብዙ ሰው ይሸጉጣል" አለ። ድምፁ ደርቋል።

"ፀጉር ቤት የገቡት ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው። እሳቸው የወደቁት ከዚያ በፊት ነው። ከላቦራቶሪው እስከ ጋሽ ሚዛን ድረስ ጥቅሉ ያለፈው በአንድ እጅ ብቻ ነው፤ በእርስዎ።"

"ማስረጃ…"

"ኢንስፔክተር!" ቀውላላው ከውስጠኛው ክፍል ተጣራ። ሲገቡ የመጽሐፍ ጠረጴዛው መሳቢያ ተከፍቷል። ስድስት ነጭ ጥቅሎች በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል፤ ላያቸው ላይ የሟች የእርሳስ ጽሕፈት አለ። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በጥንቃቄ፣ የወንፊቱ ቁጥር፣ የድንጋዩ ብዛትና የአንዱ ካራት ዋጋ ተጨምሯል። ሰባተኛ ጥቅልም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ከናሙናው ያወጣቸውን ጥቃቅን የያዘ። ሁሉም ጫፋቸው ተሸጉጧል።

እትዬ ለምን ጥቅሎቹ ላይ ጎንበስ አለች።

"ለምን አልጣሏቸውም? አንድ ጊዜ ቧንቧ ውስጥ ቢደፏቸው ኖሮ ማን ያገኛቸው ነበር?"

ሰውየው ጥያቄው ራሱ አልገባውም።

"ድንጋይ ይጣላል እንዴ?" አለ። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሳይለምኑት ተናገረ። ዓምና የኮረብታውን የመጀመሪያ ናሙና ብቻውን ነበር የገመተው። ጭብጧ ትንሽ ነበረች፤ በዕድል የገባች አንዲት ግሩም ድንጋይ አማካዩን ሰቀለችበትና ኮረብታውን ከፍ አድርጎ ገመተ። ኩባንያው በሱ ቃል መንገድ ጠረገ፣ ሕንጻ ተከራየ፣ ሰው ቀጠረ። ዘንድሮ ትልቁ ናሙና ሲመጣ ድሃ ሆነ።

"አርባ ዓመት አልተሳሳትኩም" አለ። "አንድ ጊዜ። ሰው ሁሉ ሊስቅብኝ! ከራሴ ያጠራቀምኳቸውን ስድስት ድንጋዮች ነው የከተትኩት። ከማንም ምንም አልወሰድኩም።"

"ኮረብታውን ሊያስቆፍሩበት! እሳቸውስ ምን አሉዎት?"

"'በኋላ በር ና' አለኝ። መጣሁ። 'ድንጋዮቹን አውቄያቸዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ስታሳየኝ የኖርካቸው ናቸው። እስከ ነገ ሪፖርቱን አልጽፍም፤ ራስህ ሂድና ንገራቸው' አለኝ። እለምነዋለሁ፣ እምቢ ይላል። ገፋሁት። እግዜር ያውቃል ልገድለው አልነበረም። ጥቃቅኖቹ ከሌሉ ማነሳቸውን ማንም ማስላት አይችልም ብዬ…"

"ይተነፍሱ ነበር?"

የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

"ሲተነፍሱ ይሰማዎት ነበር ወይ ነው የምልዎት!"

"ይሰማኝ ነበር።"

"እየሰሙ ነው ዘጠኙን ድንጋይ የጠቀለሉት?"

"እጄ ነው" አለና ፊቱን ሸፈነ። "ተበትነው ትቻቸው መሄድ አቃተኝ።"

ቀውላላው ካቴናውን አወጣ። የሰውየው ዕድሜ ባይከለክለው ሌላ ነገር ባደረገ። እትዬ ለምን ግን አልተነሳችም።

"ስለ ልጃቸው ምን አሉ?"

ሸጋው ቀና አለ። "እንዴት አወቁ?"

"አላወቅኩም። እየጠየቅኩ ነው።"

ነገራት። ማስታወሻዋ ላይ ቃል በቃል ጻፈችው፤ አነበበችለት፤ ትክክል ነው አለ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ለአዛዡ ደወለች።

* * *

የመቃብሩ ቦታ ሲደርሱ ዘጠኝ ከአስር ሆኖ ነበር። ሰዎች ቆመው ጠበቁ፤ ሣጥኑ ገና አልወረደም። ልጅቷ ከፖሊስ መኪና ስትወርድ ሹክሹክታ ተነሳ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ "ነጻ ናት! ነጻ ናት!" እያለ መንገድ ከፈተላት። ማን ጠየቀው፣ ግን ደስ ይላል።

በመንገድ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ ነግረዋታል። አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ መስኮቱን ስታይ ነበር። አሁን ከመቃብሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

"እትዬ፣ አልችልም። ምን ብዬ ነው የምሰናበተው? እንደተቆጣኝ እኮ ነው የሄደው።"

እትዬ ለምን ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የክስ ቃል ብቻ ነበር ከዚያ ያነበበችው።

"አባትሽ ከመውደቃቸው በፊት የተናገሩት ነው። የሰማው ያ ሰው ብቻ ነው፤ ከሱ አፍ ነው የወሰድኩት። ከዚያ አፍ የወጣ አልሰማም ካልሽ አላነብልሽም።"

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። ሣጥኑን አየችው። ጎረቤቶቿ፣ ባልደረቦቿ፣ ዘበኛው ሁሉ እሷን ይጠብቃሉ።

"አንብቢልኝ" አለች። አንቱ ማለቱን ረስታው ነበር።

"'ልጄ ልክ ነበረች። ሳልመዝን ተቆጣኋት። ዛሬ ማታ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ አንተን ግን ከዚህ በላይ ልሸፍንህ አልችልም።'"

"ድገሚልኝ።"

ደገመችላት። ሦስተኛም ጊዜ አነበበችላት። ቀውላላው ዞር ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ልጅቷ መቃብሩ አፍ ላይ ሄዳ ተንበረከከች። ሣጥኑ ሲወርድ በሁለት እጇ አፈሩን ዘገነች።

"ይቅር ብዬሃለሁ አባዬ" አለች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ። "እኔም ሳልሰናበትህ ነው የወጣሁት። አንተም ይቅር በለኝ።"

ከዚያ አፈር አለበሰችው።